የዕቃን ዕድሜ ከልደቱ እስከ መቃብሩ ቈጥሮ ጥራጊን በሚገባ ስለ ማስወገድ የተደረገ ንግግር



ሰው ዕቃ ሲገዛ ዋጋውን አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሲጥለው ግን ስለ ዋጋው የሚጠይቅ የለም። የተሰበረው ጠርሙስ ከአጥር ውጭ፥ የተቀደደው ፌስታል ከመንገድ ዳር፥ የጓዳው ጥራጊ ከገደል አፋፍ ከተወረወረ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ዳሩ ግን ከዓይን የራቀ ነገር ሁሉ ከምድር አልጠፋም። ዝናም እያጠበ ወደ ምንጭ ያወርደዋል፤ ነፋስ ወደ እርሻ ይበትነዋል፤ ከብት ከሣር ጋራ ይበላዋል፤ በእሳትም የተቃጠለ እንደ ሆነ ጢሱን ሕፃናት ይተነፍሱታል። ስለዚህ ጥራጊን በሚገባ ለማስወገድ የሚወድ ሰው የሚጣልበትን ጕድጓድ ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ሙሉ ዕድሜ ማየት ይገባዋል። ይህም ንግግር ያንን ዕድሜ የመቍጠሪያውን ጥበብ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የጥራጊ ነገር እንደ ቀላል ሲታይ ምን እንደሚያስከትል በአዲስ አበባ የሆነው ይመሰክራል። በከተማዪቱ ረጲ በሚባለው ሥፍራ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሚጠራው የጥራጊ ክምር አለ። የከተማው ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ በዚያ ሲደፋ ኖሮ ክምሩ እንደ ተራራ ከፍ አለ፤ ከክምሩም አጠገብ ድኾች ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር፤ ከጥራጊውም የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚተዳደሩ ብዙዎች ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ ቤቶቹን ከነሰዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከቤቱ ጥራጊ ያወጣው ሰው ሁሉ ክፋት አስቦ አላወጣም። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን አንድ እፍኝ አየ እንጂ የሁሉ እፍኝ ተጠራቅሞ የሚሆነውን አላሰበም።

ሽማግሌ ሁለት ሰዎችን ለማስታረቅ በተቀመጠ ጊዜ ስለ መጨረሻው ዱላ ብቻ አይጠይቅም፤ ጠቡ ከየት እንደ ተነሣ፥ ማን ምን እንደ ተናገረ፥ በየት በኩል እንዳለፈ ከሥሩ ይመረምራል። የጥራጊም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ ዕቃ ጥሬ ነገሩ ከምድር ሲቈፈር ወይም ከእርሻ ሲሰበሰብ ይወለዳል፤ በፋብሪካ ተሠርቶ ያድጋል፤ በመኪናና በመርከብ ተጭኖ ይጓዛል፤ በሰው እጅ ገብቶ ያገለግላል፤ በመጨረሻም ይጣላል። በነዚህ ዘመኖቹ ሁሉ ውኃ ይጠጣል፥ ማገዶ ይፈጃል፥ ጢስና ፍሳሽ ያወጣል። ይህን ሁሉ በአንድ መዝገብ አግብቶ መቍጠር የሕይወት ዑደት ምርመራ ይባላል።

ይህ ጥበብ የጀመረው በጠርሙስ ምክንያት ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1969 የኮካ ኮላ ኩባንያ መጠጡን በምን ዓይነት ዕቃ ቢሸጥ እንደሚሻል ለማወቅ ፈልጎ፥ በአሜሪካ አገር ሚድዌስት ሪሰርች ኢንስቲትዩት የሚባለውን የምርምር ቤት አስመረመረ። መርማሪዎቹም ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ የሚፈጀውን ጥሬ ነገርና ኀይል፥ ከሥራውም የሚወጣውን ብክለት ቈጠሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሊቃውንት ሥራውን አሰፉት፤ በ1997ም አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት 14040 የሚል ቍጥር ያለውን ሥርዓት አወጣለት፤ በ2006ም አደሰው። እነዚህም ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የሥራው ሥርዓት አራት ክፍል አለው። አንደኛው፥ የሚጠየቀውን ጥያቄና የምርመራውን ወሰን መለየት ነው። ሁለተኛው፥ የገባውን ውኃ፥ ጥሬ ነገርና ማገዶ፥ የወጣውንም ጢስ፥ ፍሳሽና ጥራጊ በሚዛን እየለኩ መመዝገብ ነው። ሦስተኛው፥ የተመዘገበው ሁሉ በአየር፥ በውኃ፥ በአፈርና በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት መገመት ነው። አራተኛው፥ ሒሳቡን መልሶ አጣርቶ ፍቹን መስጠት ነው። የባሕረ ሐሳብ ትምህርት የተማረ ሰው የዚህን ቅደም ተከተል ምክንያት በቶሎ ያስተውለዋል። ወንበሩን ያላወጣ ሰው አበቅቴንም መጥቅዕንም ሊያገኝ አይችልም፤ በወንበሩ የተሳሳተ እንደ ሆነም ከዚያ በኋላ ያለው ጾምና በዓል ሁሉ ይሳሳትበታል። በዚህም ምርመራ ወሰኑ በመጀመሪያ ከተሳሳተ ሚዛኑ ምንም እንኳ የቀና ቢሆን ፍርዱ ጠማማ ይሆናል።

ለዚህ ነገር ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው የመያዣ ከረጢት ነው። በ2018 በአውሮጳ አቈጣጠር የዴንማርክ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚያ አገር ሱቆች ስለሚሰጡት ከረጢቶች የተደረገ ምርመራ አሳትሞ ነበር። በምርመራው እንደ ተገኘው፥ ከጥጥ የተሠራ ከረጢት ከፌስታሉ ጋራ እንዲተካከል፥ የአየር ጠባይን ስለ መለወጥ ብቻ ቢቈጠር ቢያንስ 52 ጊዜ፥ የጕዳቱ ዓይነት ሁሉ ቢቈጠር ደግሞ ቢያንስ 7,100 ጊዜ ማገልገል አለበት። ይህ ሁለተኛው ቍጥር እንዲህ የበዛው በላይ ያለውን የኦዞን ልባስ ስለሚጐዳው ነገር ነው። ጥጥ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ለማብቀል፥ ለመፍተልና ለማቅለም ብዙ ውኃ፥ ማዳበሪያና ኀይል ይፈጃል።

ይህን የሰማ ሰው ቸኵሎ እንግዲያስ ፌስታል ይሻላል ይል ይሆናል፤ ነገር ግን የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የዴንማርክ መርማሪዎች በየሜዳው ተጥሎ የሚቀረውን ፌስታል በሒሳባቸው አላገቡም፤ በአገራቸው ጥራጊ ሁሉ በሥርዓት ስለሚሰበሰብ ይህ ጕዳት ከቍጥር የሚገባ አይደለም ብለው ነው። በኢትዮጵያ ግን ፌስታል ከእሾህ ላይ ተሰቅሎ፥ ቦይ ዘግቶ፥ በእርሻ ተቀብሮ ይታያል፤ የበላችውም ላም ሆዷ ተዘግቶ ትሞታለች። ስለዚህ የዴንማርክ ፍርድ ለዴንማርክ የቀና ሲሆን፥ ወሰኑ ሳይለወጥ ወደ ሌላ አገር ቢወሰድ ያሳስታል። ይሁን እንጂ ከዚያ ምርመራ የሚቀር ትልቅ ትምህርት አለ፤ ይኸውም በፌስታል ፈንታ የሚገባው ዕቃ ብዙ ዘመን የሚያገለግል ሊሆን ይገባዋል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል ከልክሏል። የተከለከለውን ትቶ በየሳምንቱ አዲስ የጨርቅ ከረጢት እየገዛ የሚጥል ሰው ግን ጕዳቱን ከሜዳ ወደ ጥጥ እርሻና ወደ ፋብሪካ አዛወረው እንጂ አላጠፋውም። በቤት ያለው ዘንቢልና ስልቻ እስኪያልቅ ድረስ እየተጠገነ ቢያገለግል ከሁሉ ይሻላል።

ሁለተኛው ምሳሌ የጓዳ ጥራጊ ነው። የአትክልት ልጣጭ፥ የምግብ ትርፍራፊና ቅጠል አየር በማይገባበት ጥልቅ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሒሳብ ሲመዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ27 እስከ 30 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል፤ ከክምሩም ሥር የሚወርደው ጥቍር ፍሳሽ ውኃን ያበላሻል። ያው ጥራጊ ብቻውን ተለይቶ፥ አየር እየገባበትና እየተገላበጠ የበሰበሰ እንደ ሆነ ግን የሚያወጣው ሜቴን እጅግ ጥቂት ነው፤ መጨረሻውም ኮምፖስት የሚባለው ብስባሽ ፍግ ሆኖ ወደ እርሻ ይመለሳል። በቆሼም ከአደጋው በኋላ ፉኩዎካ በሚባለው የጃፓን ስልት በክምሩ ውስጥ ቧንቧ እየተቀበረ አየር እንዲገባና ፍሳሹ እንዲወጣ ተደርጓል።

ጥራጊን አቃጥሎ የመብራት ኀይል የማውጣትም ሥራ አለ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በረጲ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ተመርቋል፤ የታቀደውም በቀን 1,400 ቶን ጥራጊ እንዲያቃጥል ነበር። ይህ ሥራ የክምሩን ቦታ ስለሚቀንስ ጥቅም አለው። ዳሩ ግን በዕድሜ ምርመራ ሲታይ ሁለት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ጥያቄ፥ የሚቃጠለው ምንድር ነው የሚል ነው፤ እርጥብ የጓዳ ጥራጊ ሲቃጠል ከሙቀቱ ብዙው ውኃውን ለማድረቅ ይጠፋል። ሁለተኛው ጥያቄ፥ የተገኘው መብራት የምን ምትክ ሆነ የሚል ነው፤ መብራቱን ከድንጋይ ከሰል በሚያገኝ አገር እንዲህ ያለው ምድጃ የከሰሉን ጢስ ስለሚያስቀር ትልቅ ብድር ይቈጠርለታል፤ በኢትዮጵያ ግን የመብራቱ ኀይል አብዛኛው ከወንዝ ግድብ ስለሚመጣ ብድሩ ያነሰ ነው። አንዱ ምድጃ በሁለት አገር ሁለት ፍርድ ያገኛል ማለት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ለባላገር ከሁሉ የቀረበ ነው፤ እርሱም የከብት እበት ነው። እበት ኩበት ሆኖ በምድጃ ሲነድ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ስለዚህ ለባለቤቲቱ ጥቅም እንጂ ጥፋት አይመስላትም። ሙሉ ዕድሜው ሲቈጠር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእሳቱ ምክንያት ሰብልን የሚያሳድገው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋራ ይሄዳል፤ አፈርን የሚያለሰልሰውና ውኃ የሚይዘውም ነገር ይጠፋል፤ ጢሱም የእናቲቱንና የሕፃናቱን ዓይንና ሳንባ ይጐዳል። በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፎረስና ፖታስየም ነው፤ ስለዚህ ኩበት ማንደድ ግድ የሆነበት ቤት እንኳ አመዱን ከደጅ ከሚደፋው በእርሻው ላይ ቢበትነው ይረባዋል። ከብት ያለውና ውኃ የሚያገኝ ሰው በባዮጋዝ ጕድጓድ ቢጠቀም ከአንድ እበት ሁለት ጥቅም ያገኛል፤ ጋዙ ያበስልለታል፥ የቀረው ዝቃጭም ናይትሮጅኑን እንደ ያዘ ወደ እርሻ ይሄድለታል። ጕድጓዱ ቢሰነጠቅ ግን የሚያፈሰው ጋዝ ያው ሜቴን ስለ ሆነ፥ ይህም በሒሳቡ ገብቶ ቶሎ ቶሎ መጠገን ይኖርበታል። የእበት ፍርድ ማገዶን ሳይጨምር ሊሰጥ አይገባም፤ ኩበት አታንድጂ የተባለች እናት በምን ትጋግር የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ፥ ኩበቱን ትታ የቀረውን ዛፍ ትቈርጣለችና።

ከነዚህ ከሦስቱ ምሳሌዎች አንድ ነገር ይወጣል። ጥራጊን አለማብዛት ይቀድማል፥ ዕቃን ደጋግሞ መጠቀም ይከተላል፥ ከዚያ ወደ ሌላ ዕቃ መለወጥና ማበስበስ፥ በመጨረሻም መቅበር ይመጣል ተብሎ የሚነገረው ደንብ መልካም መሪ ነው። ነገር ግን መሪ ያለው ሰውም መንገዱን በዓይኑ ማየት እንደሚገባው ሁሉ፥ ደንቡም በየቦታው በሒሳብ መፈተን አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሒሳቡ መደረግ ያለበት ክምሩ ሳይከመር ነው።

መምህር ይህን ለማስተማር ትልቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። አንድ ሚዛን፥ አንድ መዝገብና አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱን ጥራጊ በየቀኑ በአራት ይለዩት፤ የሚበሰብሰውን፥ ወረቀቱን፥ ፕላስቲኩን፥ ብረትና ጠርሙሱን ለየብቻው ይመዝኑ፤ በመዝገቡም በእያንዳንዱ አንጻር ከየት እንደ መጣ፥ ስንት ጊዜ እንዳገለገለና ወዴት እንደሚሄድ ይጻፉ። የሚበሰብሰው በጥላ ሥር በተቈፈረ ጥልቀት በሌለው ጕድጓድ እርጥቡ ከደረቁ እየተደራረበ፥ ጥቂት አፈርና እበት እየተጨመረበት፥ ውኃ እየተርከፈከፈና እየተገለበጠ ብስባሽ ይሁን። ፕላስቲክን በትምህርት ቤት ግቢ ማቃጠል አይገባም፤ ጢሱ መርዝ ነውና። ያለቀ የባትሪ ድንጋይም ከብስባሹ ጕድጓድ ሊገባ አይገባም፤ በውስጡ ያለው ብረት አፈሩንና ሰብሉን ያበላሻልና።

የአገር ሽማግሎች ድርሻም ትልቅ ነው። አዲስ ዕቃ ወደ ገበያ በመጣ ጊዜ፥ ወይም ጥራጊ የሚጣልበት ቦታ በሚመረጥበት ጊዜ፥ ሦስት ጥያቄ እንዲጠየቅ ማድረግ ይችላሉ፤ ይህ ነገር ሲወለድ ምን ፈጀ? በሕይወቱ ስንት ጊዜ ያገለግላል? ሲሞትስ የሚቀበረው በማን ደጅ ነው? በቆሼ ሦስተኛውን ጥያቄ በጊዜው የጠየቀ ሰው ባለመገኘቱ፥ መልሱ በዚያ ቅዳሜ ምሽት በድኾች ደጅ ወደቀ። ገጠር ገና ተራራ የሚያህል ክምር ስለሌለው ጥያቄውን በጊዜ የመጠየቅ ዕድል አለው። ይህም ዕድል እንዳያልፍ መምህሩ በመዝገቡ፥ ሽማግሌውም በምክሩ ሊተጉ ይገባል።