በሳጥን የተቀመጠ ሥራ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በንባብ ተረኞች የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ቡና እየጠጣን ጀምረን ስለተውነው ሥራ አውርተን ነበር። አንዳችን ጥልፍ፣ አንዳችን ያልተጨረሰ መሶብ፣ አንዳችን ያቋረጥነው ትምህርት አለን። ወሬያችን ያለቀው «አሁንማ ጊዜው አለፈ» በሚል ነበር። እኛ ተረኞቹ ዛሬ ስለ አንዲት ሀንጋሪያዊት ሠዓሊ ልንነግራችሁ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ ኢልካ ጌዶ ይባላል። በ1921 በቡዳፔስት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች፤ ከልጅነቷ ጀምሮም ትሥል ነበር። በ1944 ናዚ ጀርመን ሀንጋሪን ያዘች። የአገሪቱ አይሁድ በመቶ ሺዎች ወደ ሞት ካምፖች ተጋዙ፤ የቡዳፔስቶቹም ከቤታቸው ተፈናቅለው በተከለለ ሰፈር ታጎሩ። ኢልካ ያኔ የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። በረሃብና በፍርሃት መካከል እርሳሷን አልጣለችም፤ አጠገቧ የነበሩትን አረጋውያንና ሕፃናት ሣለች። ዛሬ ከእነዚያ ሥዕሎች አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በያድ ቫሼም ይገኛሉ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ኤንድሬ ቢሮ የተባለ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ አገባች። በዓመቱ የመጀመሪያ ልጇ ተወለደ። በእነዚያ ዓመታት ደጋግማ የሣለችው የራሷን ፊት ነው፤ ነፍሰ ጡር ሳለችም ራሷን ሥላለች። ጋንዝ ወደሚባለው ፋብሪካ እየሄደችም ሠራተኞቹን ሣለች፤ ደክሟቸው የተቀመጡትን ጭምር።

ከዚያ በ1949፣ ገና በ28 ዓመቷ፣ መሣል አቆመች። ለምን? ባለቤቷ ኋላ በጻፈው ትዝታ ከአንድ በላይ ምክንያት ይሰጣል። ጊዜው አምባገነን መንግሥት የሥዕልን መልክ በትእዛዝ የሚወስንበት ነበር። ከምታከብራቸው ወዳጆቿ መካከልም ሰውን አይቶ መሣል ያለፈበት ነገር ነው የሚሉ ነበሩ። ሴት ልጅ እውነተኛ ሠዓሊ መሆን ትችላለች ወይ የሚለው ጥርጣሬም ነበር። ይህን የመጨረሻውን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። «ይህ ያንቺ ሥራ አይደለም» መባልን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

ዝምታዋ 16 ዓመት ያህል ቆየ። በ1953 ሁለተኛ ልጇን ወለደች። ብዙ ሥዕሎቿ ግን ተቀምጠው ቆዩ። እሷም እጇን ብታሳርፍም አእምሮዋን አላሳረፈችም፤ ስለ ቀለም አጠናች፣ ጀርመናዊው ጎተ ስለ ቀለም ከጻፈው ብዙ ክፍል ለራሷ ተረጎመች።

በ1965 የቆዩት ሥዕሎቿ ለወዳጆች ታዩ፤ እሷም እንደገና መሥራት ጀመረች። አሁን ግን የያዘችው የዘይት ቀለም ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ንድፍ ታወጣለች፤ ከዚያ ቀለሞቹን በቁራጭ ወረቀት እየቀባች፣ እያስጠጋች፣ እያነጻጸረች ትመርጣለች። የምታደርገውንም በማስታወሻ ደብተር ትመዘግባለች። አንዳንዱ ሸራ ዓመታት ፈጅቶባታል። እንዲህ ቀስ እያለች ከ150 የማያንሱ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ትታ አለፈች፤ አበቦች፣ የአትክልት ስፍራዎች፣ በወጣትነቷ የሣለቻቸውን የራሷን ፊቶች በቀለም እንደገና የሠራችባቸው ሸራዎችም አሉበት።

በ1980 በሴኬሽፌሄርቫር ከተማ ሙዚየም ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅላት ዕድሜዋ 59 ገደማ ነበር። በ1985 አረፈች። በዚያው ዓመት ሥራዎቿ በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ ለሕዝብ ቀረቡ። ዛሬ በሀንጋሪ ብሔራዊ ጋለሪና በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ።

እህቶቻችን፣ ይህን ታሪክ «መቼም አይረፍድም» ብለን ብቻ ልናልፈው አንችልም። ለኢልካ በከፊል ረፍዷል፤ እነዚያን 16 ዓመታት የመለሰላት የለም፤ ግላስጎውንም አላየችም። ስንዘጋጅ ከመካከላችን አንዳንዶቻችን «ዝምታዋም የሥራዋ አካል ነው» አልን፤ ሌሎቻችን «አይደለም፣ ተነጥቃለች» አልን። አልተስማማንም። በአንድ ነገር ግን ተስማማን፤ ሥራዋ ለመመለሷ የጠቀማት ሁሉንም ስላልጣለችው ነው፣ ደግሞም «እስቲ አሳዪን» የሚላት ሰው ስላገኘች ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። በሚቀጥለው ወር ስንገናኝ እያንዳንዳችን ከሳጥን ያስቀመጥነውን ጅምር ይዘን እንምጣ። ጥልፉም ይምጣ፣ መሶቡም ይምጣ፣ ያቋረጥነው የትምህርት ደብተርም ይምጣ። ማንም «ለምን አልጨረስሽም?» አይልም። የምንለው «እስቲ አሳዪን» ብቻ ነው።