ከማዕበሉ በፊት ሰበብ ማድረስ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን። 

«አላህ ያለው አይቀርም» ብለን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በቀደር ማመን ግዴታችን ነው። ነገር ግን ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ድርቁ እንደሚመጣ ባወቁ ጊዜ በጥጋቡ ሰባት ዓመት እህል እንዲከማች አድርገዋል። ነቢይ ሆነው ሳለ ሰበብ ማድረስን አልተዉም።

ወደ ሴኔጋል ልውሰዳችሁ። ጥንታዊቷ ሴንት ሉዊ የሴኔጋል ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገናኝበት አካባቢ ትገኛለች። ወንዙንና ውቅያኖሱን የሚለያቸው ቀጭን የአሸዋ ምላስ ነው። ጌት ንዳር የሚባለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር የተሠራው እዚያው አሸዋ ላይ ነው፤ ነዋሪዎቹም ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው።

በ2003 እ.ኤ.አ. ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ሊያጥለቀልቅ ሲል ባለሥልጣናቱ በጥድፊያ አሸዋውን ቆርጠው 4 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ከፈቱ። ጎርፉ ወደ ባህር ወረደ፤ ከተማዋም ተረፈች። ባህሩ ግን በተከፈተለት በር ገባ። ቦዩ ብዙም ሳይቆይ በመቶ ሜትሮች የሚለካ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በኪሎ ሜትር። ዱን ባባ ጄ የተባለው መንደር በውሃ ተበላ፤ በአካባቢው የነበሩ የአትክልት ማሳዎችን ጨው ገባባቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ቆፋሪዎቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ያጠራቸው ጊዜ ነው።

ባህሩ ደግሞ እየጨመረ ነው። ምድር ስትሞቅ የባህር ውሃ ይለጠጣል፣ የየብስ በረዶም ይቀልጣል። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባህር ከፍታ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል። 20 ሳንቲ ሜትር ለተራራ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ደጁ አሸዋ ለሆነ ሰው ግን ብዙ ነው።

በ2017 እና በ2018 ማዕበል የጌት ንዳርን ቤቶች አፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ዳርቻው ላይ የድንጋይ መከላከያ ተሠርቷል፤ በዓለም ባንክ ገንዘብም ለባህሩ በጣም የቀረቡትን ቤተሰቦች ጁጎፕ ወደሚባል የውስጥ ቦታ ማዛወር ተጀምሯል። ነፍስ ማዳን ነውና የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ጀልባው ያለው ጌት ንዳር፣ ሚስቱ ዓሣ የምታደርቀውም እዚያው ነው። ቤት የተሰጠው አጥማጅ ሌሊት ተነስቶ ወደ ባህሩ መመለስ አለበት። የመጓጓዣውን ሒሳብ ማን ይከፍላል? መጀመሪያ የሚነሳው የማን ቤት ነው? ይህ የሹራ ጉዳይ ነው፤ አጥማጁም ሚስቱም ሊጠየቁበት ይገባል።

አላህ ያግራላቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።