ከየትኛው ገንዳ፣ በየትኛው ጥሪ? በሲ ቋንቋ ስለሚጻፉ ሰርቨሮች የማኅደረ ትውስታ አያያዝ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ምርጫ ነው። ምርጫው በፕሮግራም ውስጥ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ ስሕተቱ ግን ሰርቨሩን እስከ መጣል ይደርሳል። ለምሳሌ የምወስደው ኢጎር ሲሶዬቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣውን ኤንጂንኤክስን ነው።

በተለመደው የሲ አሠራር በማሎክ የተወሰደ ሁሉ በፍሪ ይመለሳል። በኤንጂንኤክስ ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ገንዳ ይዘጋጃል፤ ጥቃቅኑ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል፤ ጥያቄው ሲያበቃም ገንዳው በአንድ ጊዜ ይደፋል። ትንሹን ድርሻ ለብቻው መመለስ አይቻልም። ፒፍሪ የተባለው ጥሪ የሚመልሰው ከገንዳው ወሰን በማለፉ በተናጠል የተወሰደውን ብቻ ነው። ይህም ወሰን የማኅደረ ትውስታ ገጹ 4096 ባይት በሆነ ማሽን ከ4095 ባይት አይበልጥም።

ዋናዎቹ የመቅጃ ጥሪዎች ሦስት ናቸው። ፓሎክ አድራሻውን ለማሽኑ በሚስማማ ልክ ያስተካክላል፤ በ64 ቢት ሊኑክስ ልኩ 8 ባይት ስለሆነ ለመዋቅሮች ተገቢ ነው። ፒኤንአሎክ ይህን ማስተካከያ ስለሚተው ለፊደላት ድርድር ይመረጣል፤ በመካከል የሚባክን ባይት አይኖርም። ፒካሎክ እንደ ፓሎክ ሆኖ ቦታውን በዜሮ ይሞላል። መስኮቹ በሙሉ ወዲያው የማይሞሉ መዋቅር በፓሎክ ከተወሰደ፣ የቀድሞው ዝቃጭ እንደ እውነተኛ አድራሻ ሊነበብ ይችላል።

ከጥሪው የሚበልጠው ግን የገንዳው ምርጫ ነው። እኔ ራሴ በጻፍሁት አንድ ሞጁል፣ የጥያቄውን ጊዜያዊ ጽሑፍ ከግንኙነቱ ገንዳ እቀዳ ነበር። ግንኙነቶቹ ለረጅም ጊዜ ሳይዘጉ እንዲቆዩ አድርገን ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ጥቂት ባይት እያከለ ገንዳውን አሳበጠው፤ በመጨረሻም ሰርቨሩ ቆመ። የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ የሚፈልገው መሣሪያ ምንም አላሳየንም፤ ግንኙነቱ ሲዘጋ ሁሉም በሥርዓት ይመለስ ነበርና። ጥፋቱ ባለመመለሱ ሳይሆን በመዘግየቱ ነበር።

ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህ ነገር እስከ መቼ ይኖራል? መዋቅር ነው ወይስ ጽሑፍ? ባዶ ሆኖ መጀመር አለበትን? ከዚያም የጥሪው መልስ ባዶ አድራሻ አለመሆኑን ሳናረጋግጥ አንለፍ።