የእረኛው ዋሽንትና ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ላስ ቬጋስ፣ ከዘ ስትሪፕ አቅራቢያ በሚገኝ አዳራሽ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን 10 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ታክሲ ነጂ ነኝና ሒሳቡ እየቆጠረ መሆኑን አልረሳም።

ዘ ስትሪፕ ላይ መንዳት ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ጎዳናው ከጫፍ እስከ ጫፍ 7 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቤላጂዮ ሆቴል ፊት ለፊት ውኃው በሙዚቃ ሲጨፍር ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩን አላውቀውም። ሌሊት ተሳፋሪ ስጠብቅ በስልኬ ከፍቼ የማዳምጠው ግን ዋሽንት ነው።

ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ እነፋ ነበር። አራት ቀዳዳ ያላት፣ በጋለ ብረት የበሳኋት ሸምበቆ ነበረችኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ጉልበቱ ላይ ሰበራት። አልተቀየምኩትም፤ እኔ ስነፋ ጥጃው የሰው ጤፍ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልጄ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የምማረው የሙዚቃ ድርሰት ነው» አለችኝ። ለኦርኬስትራ የሚጻፈውን ማለቷ ነው። እኔና እናቷ ያሰብንላት ነርስነት ነበር። ታዲያ ምን አልኳት? አባቴ ያለኝን። ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ እንጂ ቃሉ ያው ነው። ስጋቴ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። እዚሁ ስትሪፕ ላይ በየትርኢቱ ኦርኬስትራ በአካል የሚጫወትበት ዘመን ነበር። በ1989 ሙዚቀኞቹ «በተቀዳ ሙዚቃ ልንተካ ነው» ብለው ለወራት አድማ መትተው ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ይህን እያወቅሁ ልጄን እንዴት ልላክ?

ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ጥቂት ወረቀት ትታልኝ ወጣች። ስለ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ የተጻፈ ነበር። ስማቸውን እንኳ አላውቀውም ነበር፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ሰውየው አዲስ አበባ ተወለዱ። አሜሪካ መጥተው ኢስትማን በተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩና በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ዛሬ ሙዚቃን በትምህርት የያዙ ስንት ሙዚቀኞቻችን የወጡት ከዚያ ቤት ነው። በኋላ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1971 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ጽፈው ነው።

እኔን ወንበሬ ላይ ያስቀረኝ ግን አንድ ድርሰታቸው ነው፤ ባለዋሽንቱ እረኛ። እረኛ! የእኔ ሸምበቆ ዜማ በኖታ ተጽፎ፣ ለኦርኬስትራ ተደርጎ፣ እሳቸው እየመሩት ሃንጋሪ አገር ተሰምቷል። ሃንጋሪዎቹም «ጥቁሩ ኮዳይ» አሏቸው ይባላል። ዞልታን ኮዳይ በየገጠሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን የሰበሰበ፣ ከዚያም የአገሩ ልጆች በየትምህርት ቤቱ እንዲዘምሩ የታገለ የሃንጋሪ ደራሲ ነው። እነሱ የመንደራቸውን ዜማ እንደ ቅርስ ሲለቅሙ እኛ ጉልበት ላይ እንሰብር ነበር።

«እሺ፣ እንጀራውስ?» ትሉኛላችሁ። እኔም ልጄን ይህንኑ ጠየቅኋት። እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ የሚደርስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በማስተማር ነው። ፕሮፌሰር አሸናፊም ኒው ዮርክ በኩዊንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ማስተማሩ ብዕራቸውን አላስጣላቸውም፤ የጃፓኖችን ኮቶ የተባለ ባለ ክር መሣሪያ ያስገቡበት ድርሰት አላቸው፤ በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝቦች ሙዚቃ ሥረ መሠረት መጽሐፍ አሳትመዋል። ያረፉት በ1998 ነው። የቤላጂዮ ውኃ መጨፈር የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ደግሞ ሙዚቀኛ ልጅ አያሳድግም ለምትሉ፣ ልጃቸው ኒና አሸናፊ ሪቻርድሰን በ2008 ፍሎሪዳ ውስጥ ዳኛ ሆነው ተመርጠዋል። እናንተ ልጆቻችሁን ሕግ ተማሩ ስትሉ ሙዚቀኛው ቀደሟችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ባለፈው ጉባኤ የትምህርት ንዑስ ኮሚቴው ካቀረበው ዕቅድ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያና የአስተማሪ ድጎማ የሚለውን ሰርዘነዋል። «መጀመሪያ ጣሪያ» ተባለ። እጄን አውጥቼ ካሰረዙት አንዱ እኔ ነኝ። ጣሪያው ተሠርቷል፤ ፎቶውን አይታችኋል። ከምንደግፋቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ ተጽፏል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን የሚያስተምር ስለሌለ ልጆቹ ኳስ ሜዳ ይወጣሉ። በኳስ አልቀናም። ነገር ግን ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ ለይተው በዋሽንት የሚያወጡ ሽማግሌዎቻችን እያለፉብን ነው። ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስሄድ እኔን መጀመሪያ አነፋፍ ያሳየኝን ሰው ፈልጌ የደረስኩት መቃብሩ ላይ ነው። አንድም ዜማው አልተቀዳም።

ስለዚህ የተሰረዘው ነጥብ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ዋሽንት ውድ ነገር አይደለም። አንዱ ዋሽንት አንድ ቅኝት መነሻ ብቻ ስለሚይዝ ለየልጁ ሁለት ሦስት ርዝመት ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ሸምበቆ ነው። ወጪው ያለው አስተማሪው ላይ ነው። በወር ምን ያህል እንደሚበቃ ንዑስ ኮሚቴው አጥንቶ ያቅርብልን። እስከዚያ ድረስ የሽማግሌዎቹን ዜማ በስልክ እየቀዱ የሚልኩ ሁለት ወጣቶች አገር ቤት ተገኝተዋል፤ ኖታውን ለመጻፍ ልጄ ቃል ገብታለች። ከመስከረም ጀምሮ ከዚህ ከስትሪፑ ብዙም በማይርቀው ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ተማሪ ናት። አሁን ከኋላ ተቀምጣ ታፍርብኛለች።

የመዋጮው ወረቀት ቡናው ካለበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቼዋለሁ፤ እስክሪብቶውንም እዚያው ትቼዋለሁ።