አሰብና የወሎ ደጋ፦ ወደብን የሚያሳድገው ምንድን ነው?

በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር



ከመካነ ሰላም ሆነን ስለ ባሕር ልንናገር ስንነሣ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። ከዚህ ቁልቁል ለሚመለከት የሚታየው የዓባይ በረሓ ነው እንጂ ባሕር አይደለም። ነገር ግን የቦረና ገበሬ ለስንዴውና ለጤፉ የሚገዛው ማዳበሪያ፥ የመኪናው ናፍጣ፥ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ከመርከብ የወረደ ነው። ስለዚህ የወደብ ነገር የደገኛውም ነገር ነው። ለዚህ ምስክር አድርገን የምናቀርበው ከወሎ ጋር ብዙ ዘመን በአንድ መንገድ የተሳሰረችውን የአሰብን ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ የአሰብን ዳርቻ ከአፋር ባላባቶች ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ የገዛው በኅዳር 1862 ዓ.ም. ነው። ጊዜው የስዊዝ ቦይ የተከፈተበት ወር መሆኑን ልብ እንበል። የኢጣሊያ መንግሥት በ1874 ዓ.ም. ስፍራውን ከኩባንያው ተረክቦ ቅኝ ግዛቱ አደረገው። ይሁን እንጂ አሰብ ባለቤት ስላገኘች ብቻ አላደገችም። የፈረንሳዮቹ ጂቡቲ የምድር ባቡሯ በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስላት የኢትዮጵያን ንግድ ጠቀለለች። አሰብ ግን ከኋላዋ መንገድ አልነበራትምና ከጀልባ ማረፊያነት ብዙም አላለፈች።

በ1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣሊያ በተዋዋሉት ውል ኢትዮጵያ በአሰብ ነፃ የወደብ ስፍራ እንድታገኝና ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ተስማምተው ነበር። ውሉ በወረቀት ላይ ቀረ። መንገዱን በኋላ የሠራው የወረራው መንግሥት ነው፤ የሠራውም ለእኛ ንግድ ብሎ ሳይሆን ለጦር ሠራዊቱ ስንቅ ነው። ያም ሆነ ይህ፥ ከቡሬ በማንዳና በሚሌ አድርጎ፥ የሰኞ ገበያዋን ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ አሰብን ከደጋው ጋር አገናኛት። አስቀድሞ አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ይወጣበት የነበረውን ቁልቁለት ካሚዮን ጀመረው።

ከ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽን በኋላ ወደቡ በዩጎዝላቭያ መሐንዲሶች ተስፋፋ፤ በ1959 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እገዛ የተሠራው የነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አሰብ የኢትዮጵያ ዋና በር ሆነች። ወደብ ሠራተኛው፥ ሾፌሩ፥ ባለ ሆቴሉና ነጋዴው ከየአውራጃው ተሰበሰበባት፤ ከእነዚህም መካከል የወሎ ልጅ ብዙ ነበር። ወደቧ ስታድግ በመንገዱ ላይ ያሉት ባቲና ኮምቦልቻም አብረው ነቁ።

እዚህ ላይ ግን አንድ መራራ ነገር እናስታውስ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእርዳታ እህል የጫኑ መርከቦች አሰብ ይራገፉ ነበር፤ ካሚዮኖቹም እህሉን እስከ ኮምቦልቻና ደሴ ያወጡት ነበር። ከዋናው መንገድ ርቆ በየገደሉ ማዶ የሚኖረው ሕዝብ ግን እህሉን ፍለጋ በእግሩ መውረድ ነበረበት። በመንገድ ላይ የቀረውም ቀረ። ወደብ ነበረን፤ ከወደቡ እስከ ጎጆው የሚያደርስ መንገድ ግን አልነበረንም።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች በኋላም የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ ማለፉን ቀጥሎ ነበር። ማጣሪያው በ1989 ተዘጋ፤ በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱም ተቆረጠ። ከቡሬ እስከ አሰብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያች አጭር መንገድ ስትዘጋ ትልቁ ወደብ ሥራ ፈታ። በመስከረም 2011 ድንበሩ ቢከፈትም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። የአገራችን ንግድም ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ።

የባለቤትነቱን ክርክር ለሌላ ጉባኤ እንተወው። ከታሪኩ የምንቀስመው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ወደብን የሚያሳድገው ባሕሩ ሳይሆን ከኋላው ያለው አገርና የሚያገናኛቸው መንገድ ነው፤ መንገዱን የሚያኖረው ደግሞ ሰላም ነው። አገር የሌለው ወደብ ይደርቃል፤ መንገድ የሌለው አገርም ወደብ እያለው ይራባል።

ዛሬ ለእኛ ቅርቡ ወደብ ኮምቦልቻ ነው። ደረቅ ወደብ አለው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የአዋሽ፥ ኮምቦልቻና ሃራ ገበያ የባቡር ሐዲድ ሥራ በ2007 ቢጀመርም ባቡሩ አገልግሎት ሳይሰጥ በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ። የአሰብ ትምህርት እንዲህ በገዛ ቤታችን ተደገመ።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። ከመካነ ሰላም በአቀስታ ደሴ የሚያደርሰው መንገድ ለሚወጣው የደሞዝተኛ ልጅ ብቻ ነው ወይስ ለሚወርደው እህል? ገበሬው በመኸር ወራት በረከሰ ዋጋ ሸጦ በክረምት አስወድዶ የሚገዛው ጎተራና የሚያበረታ ማኅበር ስላነሰው ነው። ሒሳብ የተማርነው የኅብረት ሥራ ማኅበራቱን መዝገብ እናቅና፤ ምሕንድስና የተማርነው መጋቢ መንገዱን እናጥና፤ እርሻ የተማርነው እህሉ ከነቀዝ የሚድንበትን መላ እናሳይ። ሁላችንም ዲፕሎማችንን ይዘን በዚሁ መንገድ ወርደን የማንመለስ ከሆነ፥ ከዚህ ደጋ ወደ ባሕር የሚላከው ሸቀጥ እኛው ብቻ እንሆናለን።