ዕድል፣ ክህሎትና የቤቱ ድርሻ፦ ካዚኖ፣ የመስመር ላይ ፖከርና የፋይናንስ ግብይት ሲነጻጸሩ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ንግግሬን በአንድ ትዝታ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ ተመራቂ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ ሴሚስተር ለማዘግየት ፈቃድ ይፈልግ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው ላፕቶፑን መሸጡን፣ ታላቅ እኅቱ ከቤሩት የላከችለትንም ገንዘብ በስልኩ በሚሠራበት የውጭ ምንዛሪ መገበያያ አጥቶ መጨረሱን ነገረኝ። እኔም ሳላስበው «ታዲያ ቁማር ውስጥ ምን አስገባህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «መምህር፣ እኔ ቁማር ተጫውቼ አላውቅም፤ ትሬድ ነው ያደረግሁት» አለኝ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላም «የሚጠበቅ ዋጋን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» ሲል አከለበት።

ልክ ነበር፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የዛሬው ንግግሬ በዚያ ዕለት ልሰጠው ያልቻልኩት መልስ ነው። ቁማርና ግብይት አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? የሚለያዩ ከሆነስ ልዩነቱ በስማቸው ላይ ነው ወይስ በአሠራራቸው?

በቅድሚያ አንድ ነገር እንመን። የፋይናንስ ሒሳብ የተወለደው ከቁማር ጠረጴዛ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉት፣ ሳይፈጸም በተቋረጠ ጨዋታ ላይ የተያዘው ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፈል በሚል ጥያቄ ነበር። በ1900 ሉዊ ባሼልዬ በፓሪስ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የአክሲዮን ገበያን የዋጋ መዋዠቅ በፕሮባብሊቲ ገለጸ። ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለው የሒሳብ መምህርም በ1962 የብላክጃክን ካርታ በመቁጠር ካዚኖን ማሸነፍ እንደሚቻል በመጽሐፍ አሳየ፤ ቆየት ብሎም ያንኑ አስተሳሰብ ይዞ የኢንቨስትመንት ፈንድ መሠረተ። ስለዚህ «ግብይት ቁማር ነው» ብሎ ማውገዝም፣ «ግብይት ሳይንስ ነው» ብሎ ማወደስም ነገሩን አይፈታውም። እኔ በስሙ ፋንታ ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ክህሎት ከዕድል ተለይቶ እስኪታይ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? አንድ ጊዜ ብሳሳት ለመቀጠል የሚያስችለኝ ነገር ይተርፈኛል?

ከካዚኖ እንነሣ። በአውሮፓው የሩሌት መንኰራኵር ላይ 37 ቁጥሮች አሉ። በሁሉም ላይ አንድ አንድ ብር ብናስይዝ 37 ብር እንከፍላለን፤ ከመካከላቸው አንዱ መውጣቱ ግድ ስለሆነ 36 ብር ይመለስልናል። የቀረችው አንድ ብር የቤቱ ድርሻ ናት፤ 2.7 በመቶ መሆኗ ነው። በአሜሪካው መንኰራኵር ቁጥሮቹ 38 ሲሆኑ ክፍያው ግን ያው ነው፤ ድርሻውም ወደ 5.26 በመቶ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ችሎታ፣ ትዕግሥትም ሆነ ጸሎት የሚለውጠው ነገር የለም።

«2.7 በመቶ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። ጉዳዩ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። በአካል በሚሽከረከር መንኰራኵር በሰዓት 40 ዙር ቢኖርና በየዙሩ 10 ብር የሚያስይዝ ሰው ቢጫወት፣ በድምሩ 400 ብር አስይዞ በአማካይ 11 ብር ገደማ ያጣል። በስልክ ግን አንዱ ዙር በ10 ሰከንድ ያልቃል እንበል። በሰዓት 360 ዙር ማለት ነው፤ 3,600 ብር አስይዞ በአማካይ 97 ብር ያጣል። የቤቱ ድርሻ በመቶኛ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውየው ቆም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ነው። የመስመር ላይ ጨዋታ ትልቁ ፈጠራ ይህ ነው።

ፖከር ከዚህ ይለያል። በፖከር ተጫዋቾች የሚፋለሙት እርስ በርሳቸው እንጂ ከቤቱ ጋር አይደለም፤ ቤቱ ከየጨዋታው ጥቂት ቆርጦ ይወስዳል። ስድስት እኩል ችሎታ ያላቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ይዘው ቢቀመጡ፣ ሲነሡ በጠረጴዛው ላይ የሚገኘው ከ6,000 ብር ያነሰ ነው። ስለዚህ አሸናፊ ለመሆን ከተቃዋሚ በጥቂቱ መሻል አይበቃም፤ ከቤቱ ድርሻም በላይ መሻል ያስፈልጋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ የጠረጴዛው ትርፍ የሚቆረጠው ደካማነቱን ካላወቀው ሰው ደጃፍ ነው።

ይሁን እንጂ በፖከር ክህሎት መኖሩ አያከራክርም። እ.ኤ.አ. በ2017 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አራት ስመ ጥር ባለሙያዎችን አንድ ለአንድ በሚካሄደው የፖከር ዓይነት በግልጽ አሸነፈ። ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ልብ በሉ ግን፤ ውድድሩ የፈጀው 20 ቀንና 120,000 የካርታ እጅ ነው። አዘጋጆቹ ይህን ሁሉ ያስጫወቱት፣ በጥቂት መቶ እጅ የሚገኝ ውጤት ዕድልን ከችሎታ ለይቶ ስለማያሳይ ነው። በአንድ ሳምንት ያሸነፈ ወጣት «ችሎታ አለኝ» ሲል ማስረጃው ገና በእጁ የለም።

አሁን ወደ ገበያው እንሻገር። እዚህ ላይ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርብናል።

የመጀመሪያው ባለቤትነት ነው። የአንድን ኩባንያ አክሲዮን ገዝቼ ብይዝ፣ ኩባንያው ያመርታል፣ ይሸጣል፣ ሲቀናውም የትርፍ ድርሻ ይከፍለኛል። የእኔ ማትረፍ የግድ የሌላ ሰው ኪሳራ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከሥራ ነው። የቡና ላኪ ነጋዴም የኒው ዮርክን የወደፊት ዋጋ ተመልክቶ ዛሬ ቢዋዋል፣ የዋጋ መውረድን ሥጋት ሊሸከም ለፈቀደ ሰው ማስተላለፉ ነው። ሥጋቱ ቀድሞውንም ነበር፤ ውሉ አልፈጠረውም። ገበሬ ዝናቡን ሳያውቅ ይዘራል፤ ማንም ግን ቁማርተኛ አይለውም። የሩሌቱ መንኰራኵር ባይሽከረከር ኖሮ ግን የሩሌቱ ሥጋት ጭራሹን አይኖርም ነበር። በእኔ እምነት በቁማርና በገበያ መካከል ያለው ዋነኛው የመርሕ ልዩነት ይህ ነው።

ሁለተኛው ያ ተማሪዬ ያደረገው ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ዋጋ ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ፣ ባብዛኛው በብድር ኃይል፣ መዋዋል። በዚህ ውስጥ የምንዛሪው ባለቤት የሚሆን ሰው የለም፤ የሚከፈል የትርፍ ድርሻም የለም። አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነትም እንደ ፖከሩ ቤት ድርሻ በየጊዜው ይቆረጣል። አንዳንዱ አገናኝ ድርጅት ራሱ የውሉ ተቃራኒ ወገን ስለሚሆን የደንበኛው ኪሳራ የእርሱ ገቢ ነው። በአሠራሩ ይህ ከፖከር የሚቀርብ ነው፤ እንዲያውም በአንድ ነገር ይከፋል። በፖከር 52ቱ ካርታዎች የታወቁ ናቸው። በገበያ ግን የካርታውን ብዛት የሚያውቅ የለም፤ በጨዋታው መካከልም ይለወጣል። ፍራንክ ናይት በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ሊሰላ በሚችል ሥጋትና ሊሰላ በማይችል እርግጠኛ አለመሆን መካከል ያኖረው ልዩነት ይኸው ነው።

ማስረጃው ምን ይላል? ባርበርና ኦዲን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 1996 ድረስ የ66,465 አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ሒሳብ መረመሩ። ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲያስገኝ፣ አብዝተው ይገዙና ይሸጡ የነበሩት ያገኙት 11.4 በመቶ ነበር። በብራዚል የወደፊት ውል ገበያ ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ከ300 ቀናት በላይ በጸኑት የዕለት ተገበያዮች መካከል 97 በመቶው ከሳሪዎች ሆኑ። የአውሮፓ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ አካልም በ2018 የዋጋ ልዩነት ውል በሚባለው ግብይት ከግለሰብ ደንበኞች ሒሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆነው ገንዘብ እንደሚያጣ ገልጾ፣ በዋና ዋና ምንዛሪዎች ላይ የሚፈቀደውን ብድር በ30 እጥፍ ወሰነ።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያደርሰናል። የ500 እጥፍ ብድር የወሰደ ሰው፣ ዋጋው 0.2 በመቶ ብቻ በተቃራኒው ቢሄድ መያዣው በሙሉ ያልቃል። ምንዛሪ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ከዚህ በላይ ይወዛወዛል። ሰውየው ስለ አቅጣጫው በመጨረሻ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ልክ የሚሆንበት ሰዓት ሲደርስ ግን እርሱ ከጨዋታው ወጥቷል።

የሚጠበቅ ዋጋ ብቻውን ይህን አያሳይም። ሀጋኒና ዱዊ የተባሉ ተመራማሪዎች 61 ሰዎችን ሰብስበው፣ አብዛኞቹ የፋይናንስና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችና ጀማሪ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ለእያንዳንዳቸው 25 ዶላር ሰጡ። የሚወረወረው ሳንቲም በ60 በመቶ ዕድል በአንድ ገጹ እንደሚወድቅ በግልጽ ነገሯቸው። ከዚህ የተመቸ ውርርድ አይገኝም። ሆኖም 28 በመቶዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በየውርወራው ያለውን ሁሉ የሚያስይዝ ሰው፣ ሳንቲሙ ለእርሱ ቢያደላም እንኳ፣ ከአሥር ውርወራ በኋላ ገንዘብ ሊኖረው የሚችልበት ዕድል 0.6 በመቶ ብቻ ነው። ጆን ኬሊ በ1956 ባወጣው ቀመር መሠረት በዚህ ሳንቲም ላይ በአንድ ጊዜ ማስያዝ የሚገባው ካለው ገንዘብ 20 በመቶውን ነው። ዕድል ለማያደላለት ሰው ደግሞ ቀመሩ የሚሰጠው መልስ ዜሮ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያችንን ሕጋዊ መሠረት ጣለ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ። ወጣቶቻችን «ገበያ» የሚለውን ቃል የሚሰሙት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየመንደሩ በተከፈቱበት፣ ስልካቸውም በትርፍ ማስታወቂያ በተሞላበት ዘመን ነው። ሥጋቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቁማሩን ኢንቨስትመንት ብለው ሊጠሩት ነው። ሁለተኛው፣ በዚያ ከተቃጠሉ በኋላ እውነተኛውን ኢንቨስትመንትም ቁማር ብለው ሊሸሹት ነው። አገር ከሁለቱም ትጎዳለች።

ለማጠቃለል፣ ለተማሪዬ ዛሬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጄ፣ በስሙ ልክ ነበርክ፤ በአሠራሩ ግን ተሳስተሃል። ገንዘቡ ከሥራ ሳይሆን ከሌላው ኪስ የሚመጣ ከሆነ፣ ብልጫ እንዳለህ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ከሌለህ፣ አንድ ስሕተትም ከጨዋታው የሚያስወጣህ ከሆነ፣ ግብይት በለው ውርርድ፣ ያው ነው። ከስሕተቱ ግን የእኔም ድርሻ አለበት። የሚጠበቅ ዋጋን በሦስት ሳምንት አስተምሬ፣ ስለ ክስረት ፕሮባብሊቲ አንድ ሰዓት እንኳ አልሰጠሁም ነበር። ከዘንድሮ ጀምሮ ትምህርቱ ተካቷል።

ተማሪው በተከታዩ ሴሚስተር ጽሑፉን አስገብቶ ተመርቋል። የእኅቱን ገንዘብ ግን ዛሬም ከደመወዙ እየቆጠበ ይመልሳል።