ከአንገት በላይ ቃልና ከአንጀት የወጣ ቃል
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው አጭር የጽሑፍ መልእክት «መልካም ገና» የሚል ነበር። አዲሱ መገናኛ ሥራውን የጀመረው ሁሉ በሚያውቀው ቃል ነበር ማለት ነው። በዚህ መንገድ አንድ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160፣ በአማርኛ ሲጻፍ ግን 70 ፊደል ብቻ ይይዛል። ዛሬ ኤክስ የሚባለው ትዊተርም እ.ኤ.አ. በ2006 ከተመሠረተ በኋላ ለዓመታት የፈቀደው 140 ፊደል ነበር፤ በ2017 ወደ 280 ከፍ አደረገው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ሰፋ ያለ ቦታ ቢሰጡም፣ በእነርሱ ዘንድ ወሰኑን የሚያበጀው የአንባቢው ትዕግሥት ነው።

ይህ ጥበት ሁለት ልማዶችን ወልዷል። አንደኛው ቃልን መምረጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቅጂ አንሥቶ ስሙንና ቀኑን ብቻ እየለወጡ መለጠፍ ነው። «ይህን ያውቁ ኖሯል?»፣ «5 ጠቃሚ ምክሮች»፣ «ለወዳጅዎ ያጋሩ» የሚሉት አርእስት የዚህ ልማድ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ዓይን ይስባሉ፤ በዐሥረኛው ቀን ግን ዓይን እንደ አጥር አልፏቸው ይሄዳል።

አጭርነትና ልማዳዊ ሥርዓት በራሳቸው ጥፋት አይደሉም። የቅኔ ቤት ይህን ከማናቸውም በላይ ያስረዳል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ብቻ ነው፤ ልኩም ዜማውም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ሆኖም ተማሪው የመምህሩን ቅኔ አጥንቶ ቢደግም ቅኔ ቆጠረ አይባልም። መንገዱን ከመምህሩ ይቀበላል፤ ቃሉንና ምሥጢሩን ግን ለዕለቱና ለበዓሉ ራሱ ማውጣት አለበት። የለቅሶ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ጥሩ አልቃሽ ዜማውን ከቀደሙት ትወስዳለች፤ ሟቹ ማን እንደ ነበረና ምን እንደ ሠራ ሳትጠይቅ ግን አትነሣም። እንግዲህ የሚነቀፈው ሥርዓቱ ሳይሆን ባዶነቱ ነው።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» የሚለው ቃል ስንት ዘመን ተደጋግሞ ሳለ ለምን አልሰለቸም? ተናጋሪው መንገድ አቋርጦ መጥቶ፣ ከሐዘንተኛው ጎን ተቀምጦ ስለሚናገረው ነው። ክብደቱን የሚሰጠው መገኘቱ ነው። በስልክ መስታወት ላይ ግን መገኘት የለም፤ ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በቃሉ ላይ ይወድቃል። የሟች ስም ብቻ እየተለወጠ በየሳምንቱ የሚወጣ የኀዘን መግለጫ ይህን ሸክም ሊሸከም አይችልም።

የዚህ ጉዳይ ክብደት በይበልጥ የሚታየው በሕዝብ አገልግሎት ዘርፍ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት፣ «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት በአንዳንድ አካባቢዎች የውኃ አገልግሎት የተቋረጠ በመሆኑ ለሚደርስባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ወይም፣ «ወደ ገበያው ሠፈር የሚወስደው ቧንቧ ትናንት ሌሊት ፈንድቷል። እስከ ነገ ማታ 12 ሰዓት ውኃ አይኖርም። ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቦቴ ቆሟል፤ ጀሪካን ይዛችሁ ኑ» ሊል ይችላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እምብዛም አይረዝምም። ነገር ግን እናት ልጇን ጀሪካን አስይዛ የምትልከው ሁለተኛውን አንብባ ነው።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መጀመሪያው የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? የጸሐፊው ስንፍና ብቻ አይደለም። ጽሑፉ በየጠረጴዛው ሲዞር፣ እያንዳንዱ ኃላፊ ነገ ሊያስጠይቅ የሚችለውን ቃል ይሰርዛል። ሰዓቱ ይሰረዛል፤ ሠፈሩ «አንዳንድ አካባቢ» ይሆናል፤ ቧንቧው «ብልሽት» ይባላል። ቅጂው የሚወደደው የማያስጠይቅ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ የማያስጠይቅ ቃል የማይታመን ቃል ነው።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በኢትዮጵያ ስልክ የደወለ ሁሉ በጥሪው ድምፅ ፈንታ የጥንቃቄ መልእክት ይሰማ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁንና የትኛውም ቃል ሳይለወጥ ወራት ካለፉት፣ ከደወል ድምፅ የማይለይበት ቀን ይመጣል። ጆሮውን አንድ ጊዜ የዘጋ ሕዝብ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ በቀላሉ አይከፍተውም።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲን የመሰሉ መሣሪያዎች ለሕዝብ በመሠራጨታቸው፣ የተስተካከለ ቅጂ ማግኘት የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ስለሆነም በቅጂ አሳማሪነት ብቻ የሚተዳደር ባለሙያ ሥራው ከእጁ እየወጣ ነው። ለእርሱ የሚቀረው መሣሪያው ያላየውን ሄዶ ማየት፣ ቧንቧው የፈነዳበትን ሠፈር ማወቅ፣ ያወቀውንም በስሙ ማቆም ነው።

ከመለጠፉ በፊት ባለሙያው ራሱን አራት ነገር ይጠይቅ። ምን ሆነ? ማንን ይነካል? አንባቢው ምን ያድርግ? ይህንኑ ቃል በአንባቢው ደጃፍ ቆሜ በአፌ እናገረዋለሁን? ለአራተኛው ጥያቄ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ጽሑፉ ገና ከአንገት በላይ ነው፤ ወደ ጠረጴዛው ይመለስ።

የሙያው ክብር በተለጠፈው ብዛት አይለካም። «እርሱ ከጻፈው እውነት ነው» የሚል አንድ አንባቢ ማትረፍ ከብዙ ቅጂ ይበልጣል።